ግማሾቹ ጣቢያዎች ሲሰወሩ

ባለፈው ክረምት፥ በጾመ ፍልሰታ ሰሞን፥ በቤታችን የሆነውን ነገር ለአንባቢዎቻችን ከመንገር ጥቂት አፍረን ነበር። ነገር ግን ከወዳጆቻችን ብዙዎቹ ያው ችግር እንደ ደረሰባቸው ሲያጫውቱን፥ አንዱ ደኅናውን ሪሲቨር ጥሎ አዲስ እንደ ገዛ፥ ሌላውም በዝናብ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ አዳልጦት እጁን እንደ ተሰበረ ስንሰማ፥ ዝም ማለቱ የሚገባ መስሎ አልታየንም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች መሰወርና ስለ ሥዕል መቆራረጥ እንጽፋለን።

አማታችን ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ያለፈ ነው። ጉልበታቸው ስለ ታመመ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከተዉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቅዳሴውን የሚከታተሉት በቴሌቪዥን ነው። ይህንም ሲያደርጉ እንደ ማናቸውም ተመልካች ተደላድለው ተቀምጠው አይደለም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ መቋሚያቸውን ይዘው፥ መቆም የሚቻላቸውን ያህል ቆመው ነው። ነሐሴ 3 ቀን ጠዋት ግን መስኮቱ ጨለመና «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣበት። የሚያስገርመው ነገር፥ ሌሎቹ ጣቢያዎች ደኅና ነበሩ፤ ኳሱም፥ የልጆቹም ሥዕል፥ የውጭ አገሩም ወሬ እንዳለ ነው። የጠፉት እርሳቸው የሚፈልጉትና ከእርሱ ጋራ ያሉ ጥቂት ጣቢያዎች ብቻ ናቸው።

ከኛ ጋራ የሚኖር የእኅታችን ልጅ፥ የ11 ዓመት ብላቴና አለ። ሪሞቱን ማታ የያዘው እርሱ ነበርና ነገሩን ለመፍረድ ብዙ አልዘገየንም። ጠርተን ብንጠይቀው፥ «ጋሼ፥ እኔ አልነካሁትም፤ ዝናብ ሲመጣ ነው የሚጠፋው» አለን። እኛም፥ «ዝናብ ጣቢያ መርጦ ያጠፋልን? ቢጠፋስ ሁሉም አብሮ አይጠፋም ነበርን?» ብለን አፉን ዘጋነው። በዚያን ጊዜ ይህ ክርክራችን ታላቅ ብልኀት መስሎን ነበር። ሪሞቱን ነጠቅነው፤ ወደ ሳሎንም እንዳይገባ ከለከልነው። አማታችንም ለርሱ አዝነው፥ «ተወው ልጄ፤ ቢነካውም ሳያውቅ ነው» አሉ። ልጁን ከኛ ቍጣ ይልቅ የጎዳው ይህ ቃል እንደ ሆነ ያወቅነው ኋላ ነው፤ እርሳቸውም እንደ ነካው አምነዋልና።

ከዚህ በኋላ ዲሽ ሠሪ አስጠራን። የመጣውም ሰው ምንም ሳይጠይቅ መሰላል አስመጥቶ ወጣና፥ «ኤልኤንቢው ሞቷል» ብሎ ከዲሹ ፊት ያለውን ዐይን ለወጠው። በዚያን ዕለት ፀሓይ ወጥታ ነበር፤ ጣቢያዎቹም ሁሉ ተመለሱ። ዋጋውን ከፍለን አመሰገንን። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ሲጥል ያው ጠፉ። ሁለተኛ ቢመጣ፥ «ሪሲቨሩ አርጅቷል» አለን፤ አዲስ ገዛን። ዳግመኛ ዘነበ፤ ዳግመኛ ጠፉ። ጾሙም እየተጋመሰ ሄደ።

በመጨረሻ አንድ ጎረቤታችን የላኩልን ሽማግሌ ሠራተኛ መጡ። እኒህ ሰው መሰላል ከመጠየቃቸው በፊት ተቀምጠው፥ «መቼ ጠፉ? የጠፉት የትኞቹ ናቸው? ያልጠፉትስ? ሲመለሱ ምን ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁ። ቀኑን ሙሉ በችሎት የምስክር ቃል ስንጽፍ የምንውል ሰዎች ስንሆን፥ ከነዚህ ጥያቄዎች ለአንዱም መልስ አልነበረንም። ብላቴናው ግን ከጓዳ ደብተሩን ይዞ መጣ። የጠፉትን ጣቢያዎች ስም በአንድ ወገን፥ የቀሩትን በሌላ ወገን፥ ቀኑንና ሰዓቱን፥ «ዝናብ» ወይም «ፀሓይ» እያለ ጽፎ ኖሯል። ሽማግሌው ደብተሩን አይተው ሪሲቨሩን ከፈቱና የጣቢያዎቹን ዝርዝር እየገለጡ ተመለከቱ፤ የጠፉት ሁሉ «አግድም» የሚል ምልክት ያለባቸው፥ ያልጠፉት ሁሉ «ቁም» የሚል ምልክት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። እርሳቸውም፥ «ይህ ልጅ ሥራዬን ጨርሶልኛል» አሉ።

የነገሩ ምሥጢር ይህ ነው። ከሳተላይት የሚወርደው ማዕበል ከፊሉ ቆሞ፥ ከፊሉ አግድም ሆኖ ይመጣል፤ በዚህም ብልኀት በአንድ ስፍራ ሁለት እጥፍ ጣቢያ ይጫናል። ሪሲቨሩ የትኛውን እንደሚፈልግ በዲሹ ፊት ላለው ኤልኤንቢ የሚነግረው በገመዱ ውስጥ በሚልከው ኀይል ነው፤ 13 ቮልት ሲልክ የቆመውን፥ 18 ቮልት ሲልክ አግድሙን ያቀብለዋል። የኛ ገመድ ቆርቆሮው ላይ ከመካከል ተቆርጦ እንዲያው በእጅ ተጠምዝዞ፥ በላዩም ተራ ፕላስተር ተጠቅልሎበት ኖሯል። ዝናብ በገባበት ቍጥር፥ አስቀድሞ በዛገው መጋጠሚያ ላይ ኀይሉ እየደከመ፥ 18 ሆኖ የተላከው ወደ 13 የቀረበ ሆኖ ይደርሳል፤ ኤልኤንቢውም የታዘዘውን ትቶ የቆመውን ያቀብላል። ስለዚህ ዝናብ በእርግጥ ጣቢያ መርጦ ያጠፋ ነበር። ሽማግሌው መጋጠሚያውን ሲፈቱት የመዳቡ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ያንን ቆርጠው ጥለው፥ ገመዱን ያለ መቀጠያ ከዲሹ እስከ ሪሲቨሩ አንድ ወጥ አድርገው ዘረጉልን። የወሰዱት ዋጋ ለፊተኛው ሰው ከከፈልነው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም።

ብላቴናውን በአማታችን ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። አጎት ለልጅ እንዲህ ማድረጉ በአገራችን ያልተለመደ ነውና ልጁም እኛም ወዴት እንደምናይ ጨንቆን ነበር።

አሁን ወደ ሌሎች ቤቶች እንሂድ፤ የሁሉ ሰው ጉዳት የኛን የመሰለ አይደለምና።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። በቀድሞው ቴሌቪዥን ማዕበሉ ሲደክም ሥዕሉ በረዶ የመሰለ ነጥብ ይበዛበት፥ ቀስ በቀስም ይደበዝዝ ነበር፤ ባለቤቱም ሕመሙን ከመጀመሪያው ያየዋል። ዲጂታል የሚባለው የዛሬው ግን ሥዕሉ ወደ ቍጥር ተለውጦ የሚመጣ ነው። ሪሲቨሩ በመንገድ የጎደለውን ቍጥር ራሱ አስልቶ ይሞላል፤ የጎደለው ጥቂት እስከ ሆነ ድረስ በሥዕሉ ላይ ምንም ነውር አይታይም። ጉድለቱ ከሚሞላው በላይ ሲሆን ግን ሥዕሉ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይሰባበራል፥ ድምፁ ይንተባተባል፥ ወዲያውም ሁሉም ይጨልማል። እንግዲህ «ትናንት ደኅና ነበር፤ ዛሬ ድንገት ጠፋ» የምንለው ጉዳት ከወራት በፊት የጀመረ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዲሹ ከመጀመሪያው በጥቂቱ ተዛንፎ የተተከለ ከሆነ፥ በጋውን ሁሉ ደኅና መስሎ ይከርምና በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ይገለጣል። የሳተላይቱ ማዕበል ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ስለ ሆነ የዝናብ ነጠብጣብ በቀላሉ ይጠጣዋል። በብርቱ ዶፍ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ መጥፋቱ በማናቸውም ቤት የሚሆን ነው፤ በካፊያ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዲሹ ወይም ገመዱ ታሟል።

የሪሲቨሩን ማውጫ ከፍታችሁ ብታዩ ሁለት መስመሮች ታገኛላችሁ፤ አንዱ የኀይሉን ብዛት፥ ሁለተኛው የጥራቱን መጠን የሚያሳይ ነው። ብዙ ሰው ፊተኛውን አይቶ «90 ነው፤ ዲሹ ደኅና ነው» ይላል። ይህ ስሕተት ነው፤ ፊተኛው መስመር ጫጫታውንም ጭምር ስለሚቈጥር ዲሹ ወደ ባዶ ሰማይ ሲያይ እንኳ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ማየት የሚገባው ሁለተኛውን ነው። ኀይሉ ብዙ ሆኖ ጥራቱ ባዶ ከሆነ፥ ዲሹ የሚያየው ሌላውን ሳተላይት ነው፥ ወይም በሪሲቨሩ ውስጥ የተጻፈው ፍሪኩዌንሲ አርጅቷል፥ ወይም የኤልኤንቢው ዓይነት ተሳስቶ ተመርጧል፤ በአገራችን የተለመደው ኤልኤንቢ 9750 እና 10600 የሚል ቍጥር ያለበት ነው። ሁለቱም መስመሮች ባዶ ከሆኑ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው።

ዲሹ በጥቂት መዛነፉ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ ርቀቱን ማሰብ ይበቃል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከምድር ጋራ እኩል እየዞረ፥ ለኛ ግን የቆመ መስሎ ይታያል። እዚህ በዲሹ ላይ የ1 ዲግሪ ስሕተት እዚያ ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነፋስ ያላላው አንድ ብሎን፥ ወይም ቆርቆሮ ሊያድስ የወጣ ሠራተኛ የተደገፈበት ዲሽ፥ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

የጣቢያዎች መሰወር ከዲሹም ከገመዱም ሳይሆን ከጣቢያው መዛወር የሚመጣበት ጊዜም አለ። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በብዙ ቤት ዲሹ ወደ ምዕራብ፥ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ወዳለው ወደ ግብፁ ናይልሳት ዞሮ ይታይ ነበር። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋራ ተስማምቶ ኢትዮሳት የተባለው ሲቋቋም፥ የአገራችን ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ኤንኤስኤስ 12 ወደ ተባለው ሳተላይት መሄድ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ስንቱ ሽማግሌ «ሪሲቨሬ ተበላሸ» ብሎ እንዳዘነ እናስታውሳለን። ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት ያለው ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፥ ወደ ምዕራብ ነው፤ ኢትዮሳት ያለበት ግን 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፥ በምሥራቅና በደቡብ መካከል፥ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። ዲሹን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዞር ሰው ሁለት ነገር ይዘነጋል። ፊተኛው፥ ዛሬ በየቤቱ ያለው ዲሽ ኤልኤንቢው ከታች ወጣ ብሎ የተተከለ ስለ ሆነ ፊቱ ካዘነበለበት 20 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ የሚያይ መሆኑ ነው፤ በዓይን ግምት ወደ ሰማይ ቢያቀኑት አልፎ ይሄዳል። ሁለተኛው፥ ኤልኤንቢው ራሱ በመያዣው ውስጥ መጠምዘዝ አለበት። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች፥ በምሥራቅና በምዕራብ ያሉ ሳተላይቶች ማዕበላቸው እጅግ ተጋድሞ ይደርሰናል፤ መጋደሙም ለምሥራቁና ለምዕራቡ በተቃራኒ ነው። ዲሹን ብቻ አዙሮ ኤልኤንቢውን እንደ ነበረ የተወ ሰው የቆመውንና አግድሙን እያደባለቀ ይቀበላል፤ ጥራቱም ከ40 አላልፍ ብሎ ያስጨንቀዋል።

ሁለት ዲሽ ያለው ቤት ደግሞ በመካከሉ ገመዶቹን የሚያማርጥ ትንሽ መቀያየሪያ አለው። በአንዱ ሳተላይት ያሉት ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፍተው የሌላው ሳተላይት ጣቢያዎች ደኅና ከሆኑ፥ ይህ መቀያየሪያ ውሃ ገብቶበታል፥ ወይም ገመዶቹ ሲመለሱ ቦታ ተለዋውጠዋል። እርሱን አልፎ ገመዱን በቀጥታ ከዲሹ ወደ ሪሲቨሩ ማገናኘት ነገሩን ወዲያው ይፈርደዋል። ድምፅ እየተሰማ ሥዕል የማይታይ ሲሆን ግን፥ ጣቢያው ሥዕሉን በአዲሱ ሥርዓት እየላከ አሮጌው ሪሲቨር ሊያነበው አልቻለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ብቻ አዲስ መግዛቱ ተገቢ ነው።

አንድ ጣቢያ ብቻ ጠፍቶ ጎረቤቶቹ ካሉ፥ መሰላል ከማንሳት በፊት ጣቢያው ፍሪኩዌንሲውን ለውጦ እንደ ሆነ መጠየቅ፥ በሪሲቨሩም አዲስ ፍለጋ ማድረግ ይገባል። ነገር ግን አደራ፥ «ወደ ፋብሪካው ሥርዓት መልስ» የሚለውን አትንኩ። ብዙ ሰው ተስፋ ሲቈርጥ ይህን ይጫንና ደኅና የነበሩትን ጣቢያዎች ጭምር አጥፍቶ ያድራል። ብትነኩትም አስቀድማችሁ የሳተላይቱን ስም፥ የኤልኤንቢውን ቍጥርና የፍሪኩዌንሲዎቹን ዝርዝር በወረቀት ጻፉ።

ገመድ ሲፈታና ሲገጠም ሪሲቨሩ ከኤሌክትሪኩ ይነቀል፤ ኀይል በገመዱ ውስጥ እየሄደ ሳለ የውጪው ጥልፍ የመካከሉን መዳብ ቢነካ ሪሲቨሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ይህ መነካካት በራሱ አንድ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ጫፉ ሲላጥ ከጥልፉ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ ተርፋ መዳቡን ብትነካ ጣቢያዎቹ ሁሉ ይጠፋሉ። በዲሹ በኩል ያለው ጫፍ ውሃ በማያሳልፍ፥ ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ፕላስተር ይጠቅለል። ገመዱም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጥቂት ይንጠልጠል፤ ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ወደ ሪሲቨሩ እንዳይገባ በዚያ ይንጠባጠባል። በዝናብና በነጐድጓድ ጊዜ ግን ማንም ቆርቆሮ ላይ አይውጣ፤ አሽከርም ልጅም አይላክ። ለአንድ ሰዓት ጨዋታ የሰው እግር አይሰበርም።

ወደ ምዕራብ የሚያይ ዲሽ ያላቸው ሰዎች ሌላ ጠላት አለባቸው፤ ይኸውም ባሕር ዛፍና የጎረቤት ፎቅ ነው። ባለፈው ዓመት ያልነበረ ቅርንጫፍ ዘንድሮ በ37 ዲግሪ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ርጥብ ቅጠል ደግሞ ማዕበሉን እንደ ግድግዳ ይከለክላል። ይህን የሚመረምሩበት መሣሪያ ፀሓይ ራሷ ናት። በመጋቢት 7 ቀንና በመስከረም 17 ቀን ገደማ ፀሓይ በየቀኑ ከሳተላይቶቹ በስተጀርባ ታልፋለች። በአዲስ አበባ ከምሥራቁ ከ57 ዲግሪው በስተጀርባ የምትሆነው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ፥ ከናይልሳት በስተጀርባ የምትሆነው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያች ሰዓት ወጥታችሁ ዲሹን ተመልከቱ፤ የዛፍ ወይም የግንብ ጥላ ካረፈበት የከለከለው እርሱ ነው፤ ብርሃን ከሆነ ግን ዛፉን በከንቱ አትቍረጡት።

በነዚያው ቀኖች ለጥቂት ደቂቃ ሥዕሉ ሊቈራረጥ ይችላል። ፀሓይ የራሷ ጫጫታ ስላላት፥ ከሩቅ የሚመጣውን የሳተላይቱን ቀጭን ድምፅ ትውጠዋለች። በምዕራቡ ዲሽ የሚያዩ ሰዎች ይህ የሚደርስባቸው ምናልባት ልክ በደመራው ዕለት፥ ካህናቱ በሚያሸበሽቡበት ሰዓት ይሆናልና ተቈጥተው ብሎን እንዳይፈቱ አስቀድመን እንነግራቸዋለን።

በቤታችን ዲሹ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ለመስቀል ዕለት ጠዋት አማታችን ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ሳለ ሥዕሉ ተሰባብሮ ጨለመ። እኛ ገና አፋችንን ሳንከፍት እርሳቸው ወደ ብላቴናው ዞረው፥ «ልጄ፥ እስኪ ደብተርህን አምጣ» አሉት። እርሱም ሰዓቱን አይቶ፥ በመስኮትም ሰማዩን አይቶ ጻፈ፤ ኋላ ገልጠን ስናነበው እንዲህ የሚል ነው፤ «መስከረም 17 ቀን፥ 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጠፋ። ዝናብ የለም። ማንም አልነካውም። ተመለሰ።»